የሁለት ብራንዶችን የኤምቲኤፍ ግራፍ ማወዳደር ይቻላል?

የካኖንንና የዛይስን 50 ሚሊሜትር ሌንሶች የኤምቲኤፍ ግራፍ (ሌንሱ ጥቃቅን ዝርዝሮችን ምን ያህል በግልጽ እንደሚያስተላልፍ የሚያሳይ ግራፍ) ጎን ለጎን አይተው የትኛው የበለጠ ጥርት ያለ ምስል እንደሚሰጥ ለጠየቁት፣ በግራፎቹ ብቻ መወሰን አይቻልም። ካኖን የሚያወጣው ከንድፉ ተነስቶ በኮምፒውተር የተሰላ ውጤት ሲሆን፣ በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ 10 እና 30 የመስመር ጥንዶችን (ጎን ለጎን የተሰመሩ ጥቁርና ነጭ መስመሮችን) ያሳያል፤ ዛይስ ግን በተመረተ ሌንስ ላይ የተለካውን በ10፣ በ20 እና በ40 ያወጣል። ቁጥሩ ሲጨምር የሚለካው ዝርዝር ስለሚደቅ፣ በግራፉ ላይ የዛይስ የ40 መስመር ከካኖን የ30 መስመር ዝቅ ብሎ መታየቱ በራሱ ድክመት አይደለም።

የሚያዋጣው ራስዎ መሞከር ነው። ሁለቱንም ሌንሶች በተራ በአንድ ካሜራ ላይ ገጥመው፣ ካሜራውን በትራይፖድ አጽንተው፣ የሌንስ ማረሚያውን (የሌንሱን ጉድለት በራሱ የሚያስተካክለውን ቅንብር) አጥፍተው፣ ለእያንዳንዱ ሌንስ ፎከሱን ምስሉን አጉልተው በእጅ ካስተካከሉ በኋላ አንድ የጡብ ግድግዳ በኤፍ 2.8 (ሰፊ የሌንስ ቀዳዳ) እና በኤፍ 8 (ጠባብ ቀዳዳ) በሮው (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ፋይል) ያንሱ። በኤፍ 8 ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚጠብ፣ በኤፍ 2.8 የተነሳውን ምስል ማዕዘኖች ትኩር ብለው ይመርምሩ።

አራቱንም ማዕዘኖች ሳያዩ ግን አይፍረዱ። ካሜራው ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆኖ ሳለ አንዱ ማዕዘን ብቻ ከደበዘዘ፣ ጉድለቱ የዚያ አንድ ሌንስ የመገጣጠም ችግር ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ጥሩ ሞዴል ያለ ጥፋቱ ሲወቀስ ደጋግሜ አይቻለሁ።