በሁለት ማይክሮስኮፖች መካከል ያለው መንገድ

ለወጣት የሙያ ልጆቼ፣

ሁሉም ዓይኑን የሚጥለው ምስሉ ላይ ነው። እኔ ግን ናሙናው ከአንዱ መሣሪያ ወጥቶ ሌላው ውስጥ እስኪገባ ስላለችው አጭር ጊዜ ልጽፍላችሁ ፈለግሁ።

በወጣትነቴ ከባትሪ የወጣ ሊቲየም በአዮን ጨረር ቆርጬ ወደ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አሻገርኩ። አየር የነካው ለአንድ ደቂቃ ያህል ነበር። ገጹ ላይ ያየሁትን ቅርፊት ባትሪው ሲሠራ የፈጠረው መስሎኝ ለሳምንታት ውፍረቱን ስለካ፣ ስተነትን ከረምኩ። ቅርፊቱ የተሠራው በዚያች ደቂቃ ነበር።

ሊቲየም ከኦክስጅንና ከእርጥበት ብቻ ሳይሆን ከናይትሮጅንም ጋር ይዋሃዳል። «ናይትሮጅን ምንም አይነካም» የሚለውን ልማድ እዚህ አትመኑት። ግላቭ ቦክሱ፣ ማለትም ከውጭ በጓንት እየተሠራበት ናሙናው የሚዘጋጅበት የታሸገ ሳጥን፣ በአርጎን ይሞላ፤ ኦክስጅኑም እርጥበቱም ከሚሊዮን 1 እጅ በታች ይሁን። ማሻገሪያው ዕቃ እዚያው ውስጥ ይታሸግ፤ ክዳኑ የሚከፈተው የማይክሮስኮፑ አየር ተመጥጦ ካለቀ በኋላ ነው። ቫኪዩምም ቢሆን ፍጹም ባዶ አይደለም፦ በ1 ሚሊዮንኛ ቶር (ቶር የግፊት መለኪያ ነው) ግፊት፣ ገጹን የነካው ጋዝ ሁሉ ከተጣበቀ፣ ንጹሕ ገጽ በ1 ሰከንድ ገደማ በአንድ ረድፍ ሞለኪውል ይሸፈናል።

በቅጽበት ቀዝቅዞ እንደ መስታወት በረጋ በረዶ ውስጥ የተያዘ ናሙና ደግሞ ጠላቱ ሙቀት ነው። ከዜሮ በታች 137 ዲግሪ ገደማን አልፎ ከሞቀ በረዶው ክሪስታል መሥራት ይጀምራል፤ መልሶ ማቀዝቀዝ አያድነውም። ፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ስለሆነ ሰፊ ልዩነት ያለ ይመስላል፤ ግን ቀድሞ ያልቀዘቀዘ መቆንጠጫ አንዴ ከነካው በቂ ነው። ትንፋሻችሁም አመዳይ ሆኖ ያርፍበታል።

እኔ ካየኋቸው ብልሽቶች የሚበዙት ከመሣሪያ ጉድለት አልመጡም፤ የማይክሮስኮፑ ተራ ሊያልፍ ነው ብሎ ከመጣደፍ ነው። ተራው ይለፍ! ናሙናው ከተበላሸ ተራው ምን ይጠቅማችኋል? ባዶ መያዣ ይዛችሁ ጉዞውን ደጋግማችሁ ተለማመዱት፣ እጃችሁ ሳያስብ እስኪሠራው ድረስ። ከዚያ ግላቭ ቦክሱ ውስጥ አዲስ የተቆረጠ ንጹሕ ሊቲየም ብቻውን በዚያው መንገድ ላኩና እዩት። እሱ ላይ ቅርፊት ከታየ፣ የእናንተ ናሙና ላይ የምታዩትንም ማመን አትችሉም።

ዛሬም ወጣቶች ምስል ይዘውልኝ ሲመጡ መጀመሪያ የምጠይቀው የማሻገሪያውን መዝገብ ነው፦ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ግፊቱ ስንት ነበር፣ ክዳኑ መቼ ተከፈተ። ምስሉን የማየው እሱን አንብቤ ስጨርስ ነው።