የምስጋና ቀን ድሬሲንግ፦ ከአማቴ ወጥ ቤት የተማርኩት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን የመጀመሪያ ዓመት አስታወስሽኝ። የባለቤትሽ ቤተሰቦች ለአሜሪካኖቹ የምስጋና ቀን (ታንክስጊቪንግ) ወደ ቤታችሁ እንደሚመጡ፣ ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ባለቤትሽ እንደሚጠብስ፣ ስታፊንጉ፣ ማለትም ድሬሲንግ የሚሉት የዳቦ ምግብ፣ ግን በአንቺ ላይ እንደወደቀ ጽፈሻል። በየቤታችን እንዴት እንደምንሠራው፣ በተርኪው ሆድ ይሞላ ወይስ ለብቻው ይጋገር፣ በርበሬና ንጥር ቅቤ ብትጨምሪበት ያስከፋ እንደሆነ፣ ቀኑ ጾም ላይ ስለዋለም አንቺ ምን እንደምትበዪ ጠይቀሻል። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ባለቤቴ ግን የአላባማ ልጅ ነው። የምነግርሽን ሁሉ የተማርኩት ከእናቱ ነው።

ገበያ ከመውጣትሽ በፊት አማትሽ ጋ ደውለሽ "እናንተ ቤት እንዴት ነው የሚሠራው?" ብለሽ ጠይቂ። ነገሩ በመሠረቱ እኛ የምናውቀው ፍትፍት ነው፤ የደረቀ ዳቦ ተፈርፍሮ፣ በቅቤ ከበሰለ ሽንኩርት ጋር ተዋሕዶ፣ በመረቅ ርሶ ኦቨን ይገባል። ዝርዝሩ ግን ከቤት ቤት ይለያያል፤ በዶሮ ወጥ ሽንኩርት አቆላል ሁለት እህትማማቾች እንኳ እንደማይስማሙት ማለት ነው። የደቡብ ግዛቶች ሰው በአብዛኛው "ድሬሲንግ" ይለዋል፤ የሚሠራውም ከበቆሎ ዳቦ ነው። በሰሜን ምሥራቅ በኩል "ስታፊንግ" ነው፤ ዳቦውም የስንዴ ነው። ፔንስልቬንያ ውስጥ የጀርመን ዝርያ ያላቸው ቤተሰቦች "ፊሊንግ" እያሉ ከድንች ጋር ያዋሕዱታል። ሉዊዚያና ውስጥ ከሩዝ ይሠራል፤ በባሕር ዳርቻዎች ኦይስተር የሚባለውን ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ የሚጨምሩ አሉ። የባለቤትሽ ቤተሰብ ከየት እንደሆነ አልጻፍሽም። ከኦሃዮ የመጣ ሰው ፊት የበቆሎ ድሬሲንግ ብታቀርቢ በደስታ ይበላልሽ ይሆናል፤ ግን ዓመቱን ሙሉ የጠበቀው ያንን አይደለም።

ስትደውዪ ቋሊማ ይገባበት እንደሆነም ጠይቂ። በብዙ ቤት የአሳማ ቋሊማ ይገባል፤ የማይገባ ከሆነም ዳቦው የሚጋገርበት መጥበሻ የሚቀባው በአሳማ ስብ ሊሆን ይችላል። እንደኔው አሳማ የማትበዪ ከሆንሽ አስቀድሞ መናገሩ ከማዕድ ላይ ሳህን ከመግፋት ይሻላል። ከካርቶን የሚሠራ ቤተሰብም ሊሆን ይችላል። ስቶቭ ቶፕ የሚባለው የካርቶን ስታፊንግ ገበያ ላይ የዋለው በፈረንጅ 1972 ስለሆነ፣ በእርሱ ጣዕም ያደጉና በዓሉ ያለ እርሱ የማይደምቅላቸው ብዙ ናቸው። ያንን ከሰማሽ ካርቶኑን ገዝተሽ በጥሩ መረቅ ሥሪላቸው፤ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

አሁን ወደ በርበሬው ልምጣ፤ ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነበርና። በፈረንጅ 2007 የመጀመሪያ ዓመቴ ነበር። ኮሰረት፣ ኮረሪማና አብሽ ያለበትን የእናቴን ንጥር ቅቤ ከአዲስ አበባ አስመጥቼ፣ ሁለት ማንኪያ በርበሬ ጨምሬ፣ ትልቅ ፓትራ ሞልቼ አቀረብኩ። ያለኝን ምርጥ ነገር መስጠቴ ነበር። 14 ሰው በማዕዱ ዙሪያ ተቀምጦ ሁሉም በትሕትና አንድ አንድ ማንኪያ አነሳ። የባለቤቴ አጎት ፓትራውን ሁለት ጊዜ ወደ ራሳቸው አስጠግተው፣ ሽታውን አይተው፣ መልሰው ገፉት። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። ማታ ዕቃ ሳጥብ ፓትራው ከግማሽ በላይ እንደሞላ ነበር። ባለቤቴ ከጎኔ ቆሞ ሳህን እያደረቀ፣ "አጎቴ ያንን የበቆሎ ድሬሲንግ ከአያቴ ሞት በኋላ የሚያገኙት እናቴ ስትሠራው ብቻ ነው" አለኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔ ለገና በዓል ምግብ ቤት ዶሮ ወጥ አዝዤ በካሪ ተሠርቶ ቢመጣልኝ፣ ምንም ቢጣፍጥ፣ ገና ሆኖ አይሰማኝም ነበር።

በዓመቱ አማቴ በበዓሉ ዋዜማ፣ ረቡዕ ማታ ጠሩኝ። ምድጃው ላይ ሁለት የብረት መጥበሻ ነበር፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ የእጅ መዳፍ የሚያክል። ትልቁን እንደ ልማዳቸው በአሳማ ስብ ቀቡት። ትንሹን በወረቀት ደጋግመው ጠርገው፣ ዘይት አፍስሰውበት፣ "ይሄኛው ያንቺ ነው" አሉኝ። ያ ዓመት በዓሉ ጾማችን ከገባ በኋላ ውሎ ስለነበር ባለቤቴን ምን እንደምበላና እንደማልበላ ጠይቀውት ኖሯል። የበቆሎ ዳቦው ተጋግሮ ሲበርድ መፈርፈር አስተማሩኝ። በቢላ አይቆረጥም፤ በጣት ጫፍ ይታሻል፤ አንዳንዱ እንደ አሸዋ ይደቃል፣ አንዳንዱ ባቄላ ያህል ሆኖ ይቀራል። "ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ ጭቃ ይሆናል" ይላሉ። መረቁን ሲጨምሩ ማንኪያ አልያዙም። በእጃቸው ከሥር ወደ ላይ እየገለበጡ፣ በየመሐሉ ጭብጥ አድርገው እየለቀቁ ያዩታል። ሲጨበጥ በጣቶች መሐል የሚወጣ፣ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ የሚተኛ መሆን አለበት። በእኛ አነጋገር ከገንፎ የላላ፣ ከአጥሚት የወፈረ በዪው። ኦቨን ሲገባ በጣም ፈሳሽ ይመስላል፤ አትፍሪ። ደርቆ የሚቀርበው በአብዛኛው ጀማሪው ሲፈራና መረቁን ሲቆጥብ ነው።

ልኩን ልንገርሽ፤ ይህ ከ10 እስከ 12 ሰው ያጠግባል። ለዳቦው ሁለት ኩባያ የበቆሎ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለት እንቁላል፣ ሁለት ኩባያ አሬራ እና ሩብ ኩባያ የቀለጠ ቅቤ ያስፈልጋል። ስኳር አይገባም፤ አማቴ በዚህ ነገር ድርድር አያውቁም። ካርቶን ላይ ያለው የተዘጋጀ የበቆሎ ዱቄት ብዙ ጊዜ ስኳር ስላለበት አንብበሽ ግዢ። መጥበሻው ኦቨን ውስጥ በደንብ ግሎ፣ ሊጡ ሲፈስበት "ችስስ" ማለት አለበት፤ ጠርዙ የሚጠበሰው በዚያ ነው። በ425 ፋራናይት ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃዋል። ማክሰኞ ጋግረሽ፣ ፈርፍረሽ፣ ሳትከድኚ አሳድሪው፤ መድረቅ አለበት። ከስድስት ቁራጭ የደረቀ ነጭ ዳቦ ጋር ይቀላቀላል።

ረቡዕ መረቁን አዘጋጂ። የተርኪው አንገት፣ ልቡና ሌላው የሆድ ዕቃ ብዙ ጊዜ በከረጢት ሆኖ በራሱ ሆድ ውስጥ ይገኛል፤ ፈልገሽ አውጪው። ጉበቱን ተዪው፤ መረቁን መራራ ያደርገዋል። ሌላውን ከሽንኩርትና ከሴለሪ ቅጠል ጋር ሁለት ሰዓት ያህል በዝግታ ቀቅይው። ሐሙስ ጠዋት ሁለት ትልልቅ ሽንኩርትና አራት ዘንግ ሴለሪ ደቀቅ አድርገሽ ከትፈሽ፣ በግማሽ ኩባያ ለጋ ቅቤ አለስልሺ። እንደ ወጥ አታቁላዪው፤ መቅላት የለበትም፣ መልኩ ብርሃን ሲያሳልፍ ይበቃዋል። ሁለት የሻይ ማንኪያ ሴጅ የሚባለው የደረቀ የቅመም ቅጠል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጦስኝ፣ ቁንዶ በርበሬና ጨው ጨምሪ። የእኛ ጦስኝ ከእነርሱ ታይም ጋር ዘመድ ነው፤ ከአገር ቤት የመጣ ካለሽ ግን ጠንካራ ስለሆነ ግማሹን ብቻ ተጠቀሚ። ሴጁን አታብዢ፤ ሲበዛ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ከዚያ ከአራት ኩባያ ያላነሰ መረቅ ጨምረሽ፣ ቅመሺ። ጨውና ሴጅ የሚስተካከለው እዚህ ላይ ነው፤ ሌሎች ሁለት የተመቱ እንቁላሎች የሚገቡት ከተቀመሰ በኋላ ነው። ቅቤ በተቀባ ፓትራ በ350 ፋራናይት ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፣ ላዩ ወርቃማ እስኪሆን ይጋገራል።

ሆድ ውስጥ ይሞላ ወይስ ለብቻው ላልሽው፣ ለብቻው አድርጊው። በሆድ የሚሞላው የወፉን ጭማቂ ስለሚጠጣ ጣዕም አለው፤ አልክድም። ችግሩ፣ ጥሬው ሥጋ የሚያንጠባጥበው ሁሉ ወደ ዳቦው ይገባል፤ መሐሉ 165 ፋራናይት ወይም 74 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልደረሰ ሰው ያሳምማል። መሐሉ እስኪደርስ ስትጠብቂ ደግሞ የደረቱ ሥጋ ይደርቃል። ቤተሰቡ የግድ ካለ፣ ወደ ኦቨን ልትከቺው ስትይ ላላ አድርገሽ ሙዪው፤ ከማታ ጀምሮ ሞልተሽ አታሳድሪ፤ ቴርሞሜትርም ግዢ። የቀዘቀዘው ተርኪ በፍሪጅ ሲቀልጥ ለየአራትና አምስት ፓውንዱ 24 ሰዓት እንደሚፈልግ ለባለቤትሽ ንገሪው። 16 ፓውንድ ከሆነ እሑድ ፍሪዘሩን መልቀቅ አለበት።

ጾሙን በተመለከተ፣ ይህ ነገር በየዓመቱ ይለያያል። የምስጋና ቀን ከ1941 ሕግ ወዲህ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው፤ ከ22 እስከ 28 ባለው ይውላል። ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል፤ ይህም ኖቬምበር 24 ወይም 25 ነው። ስለዚህ በ2022 የጾሙ የመጀመሪያ ቀን ላይ ዋለ፣ በ2023 ሁለት ቀን ቀደመው፣ በ2024 ጾም ውስጥ ገባ። በ2011 ልክ በቅበላው ዕለት ውሎ ነበር። ያን ዓመት አማቴ ትልቁንም መጥበሻ በአሳማ ስብ ፈንታ በቅቤ ቀቡት፤ ከእነርሱ ፓትራ ለመጀመሪያ ጊዜ የበላሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ ስቡ አልተመለሱም።

በጾም ሲውል ለራስሽ ትንሽ ፓትራ ለይተሽ ሥሪ። በአሬራው ፈንታ የአኩሪ አተር ወተት ሎሚ ጠብ አድርገሽበት፣ በቅቤው ፈንታ ዘይት ይገባል። ለአንድ እንቁላል አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውኃ በጥብጠሽ አሥር ደቂቃ አቆዪው፤ በደንብ ያያይዝልሻል። ለመረቁ እንጉዳይ፣ ሽንኩርት፣ ካሮትና ሴለሪ ቀቅይ። ነጩ ዳቦም ወተት እንዳይኖርበት ጽሑፉን እዪ። የፍስኩን መቅመስ ስለማትችዪ፣ ከልጅነቱ ጣዕሙን የሚያውቀው ባለቤትሽ ማንኪያ ይዞ ከጎንሽ ይቁም። ብዙ ቤተሰብ ማዕድ የሚቀርበው ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ ትንሽ ቆየት ይበልልኝ ብለሽ ብትጠይቂ አይከብዳቸውም። እኛ ቤት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል።

በርበሬውን ደግሞ ከማዕዱ አታርቂው፤ ከድሬሲንጉ ብቻ ለዪው። እኔ አዋዜ በትንሽ ሳህን አቀርባለሁ። ሁለት ዓመት ያህል ማንም አልነካውም፤ በሦስተኛው አጎትየው ለተርኪያቸው ጠቀሱ፤ አሁን ሳህኑ ካልመጣ ይጠይቃሉ። ዓርብ ጠዋት ደግሞ ከጾሙ ፓትራ የተረፈውን ስልስ ሠርቼ እፈረፍርበታለሁ። የበቆሎ ዳቦው ስልሱን ሲጠጣ እንደ እንጀራ ፍርፍር አይልምም፤ እየተፈረፈረ ጠርዙ ይጠበሳል፣ ከታች የያዘውን በማንኪያ መፋቅ ነው። አማቴ ዛሬ እጃቸው ስለሚያማቸው ፍርፈራው የእኔ ሥራ ሆኗል፤ እርሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይቀምሳሉ። ዓርብ ጠዋትም ከሁሉ ቀድመው ወጥ ቤት የሚገኙት እርሳቸው ናቸው፤ ሳህናቸውን ይዘው።

የቤተሰቡ አገር የት እንደሆነና ስንት ሰው እንደሚመጣ ጻፊልኝ፤ ልኩን አስልቼ እልክልሻለሁ። የስንዴ ዳቦ ከሆነም መረቁ ስለሚቀንስ ሳትጠይቂኝ አትጀምሪ።