ብሌድ ውስጥ ያለ ብሮኬድ እና ሲስኮ ኤምዲኤስ፦ ይግባባሉ፣ ግን በአክሰስ ጌትዌይ

ሰላም ወንድሜ። የጠየቅከው ኤችፒ ሲ7000 ማቀፊያ (ብሌድ የሚባሉ ሰርቨሮች የሚሰኩበት ሳጥን) ውስጥ ስላለው ባለ 8 ጊጋ ብሮኬድ ስዊች ነው። ስቶሬጁ ሲስኮ ኤምዲኤስ (የሲስኮ የስቶሬጅ ስዊች) ላይ ስለሆነ ሁለቱን በፋይበር ባገናኝ ይሠራል ወይ ብለሃል። ይሠራል። ብዙ ሰው መጀመሪያ በሚያስበው መንገድ ግን አይደለም።

መጀመሪያ የሚታሰበው ሁለቱን በኢ ፖርት (ስዊች ከስዊች በሚያገናኝ ፖርት) አገናኝቶ አንድ ፋብሪክ (አንድ የስቶሬጅ ኔትወርክ) ማድረግ ነው። ተወው ባይ ነኝ። ሲስኮ ለዚህ ኢንተሮፕ ሞድ የሚባል ነገር አለው፤ 1 ለጋራው ስታንዳርድ፣ 2 እና 3 ለብሮኬድ፣ 4 ለማክዳታ (ሌላ ስዊች አምራች)። ሞድ 1 ላይ ዶሜን አይዲህ (የስዊቹ መለያ ቁጥር) ከ97 እስከ 127 ብቻ ይሆናል። ዞኒንግ (የትኛው ሰርቨር የትኛውን ስቶሬጅ እንደሚያይ መወሰን) በፖርት ደብሊውደብሊውኤን (በፖርቱ ቋሚ መለያ) ብቻ ነው። ብዙ ገመድን እንደ አንድ የሚያደርጉት የብሮኬድ ትራንኪንግም የሲስኮ ፖርት ቻናልም በመካከላቸው አይሠራም። ብሮኬድ ደግሞ ማክዳታን በ2007 ጠቅልሎ ከገዛ በኋላ የራሱን ኢንተሮፕ ሞድ ለተወሰነ ጊዜ አቆይቶ ከፋብሪክ ኦኤስ 7.0 ጀምሮ አውጥቶታል። ዛሬ እዚህ ውስጥ ገብተህ ችግር ቢፈጠር ሁለቱም ሰፖርት «የዚያኛው ነው» ይሉሃል። የዞን ግጭት ከመጣ ደግሞ ፋብሪኩ ሴግመንት ያደርጋል (ለሁለት ይከፈላል)። ማን ይችለዋል?

የሚያዋጣው አክሰስ ጌትዌይ ነው። ብሌድ ስዊቹ ራሱን የቻለ ስዊች መሆኑ ይቀርና ለኤምዲኤሱ እንደ ሰርቨር ሆኖ ይገባል። ልክ እንደ መብራት ማከፋፈያ ነው፤ ከላይ አንድ መስመር ይገባል፣ ከታች ብዙ ሰርቨር ይሰካል። ዶሜን አይዲ አይፈልግም፣ ዞን አይዝም፣ የሚጋጭ ነገር አይኖርም። የሚፈልገው ኤንፒአይቪ (በአንድ ፖርት ብዙ ሰርቨር እንዲገባ የሚያስችል) ብቻ ነው። እሱም ስታንዳርድ ስለሆነ ሁለቱም ኩባንያዎች ይረዱታል።

ኤምዲኤሱ ላይ «ፊቸር ኤንፒአይቪ» ክፈት። ይህ ካልተከፈተ የቀረው ሁሉ ልፋት ነው። ፖርቶቹን ኤፍ ሞድ (ሰርቨር የሚሰካበት ዓይነት) አድርግና ስቶሬጁ ያለበት ቪሳን (በኤምዲኤሱ ላይ የተከፈለ ምናባዊ ኔትወርክ) ውስጥ አስገባቸው። ቪሳን መርሳት በጣም የተለመደ ነው፤ ሎጊን ይታያል፣ ዲስክ ግን የለም።

ብሮኬዱ ላይ መጀመሪያ «ኮንፊግ አፕሎድ» አድርገህ ባክአፕ ያዝ። ቀልድ አይደለም፤ ወደ አክሰስ ጌትዌይ ስትቀይረው የነበረው ዞኒንግ ይጠፋል፣ ስዊቹም ሪቡት ያደርጋል። ስለዚህ ሰርቨሮቹ ወደ ስቶሬጁ ከሚሄዱባቸው ሁለት ፋብሪኮች አንዱን (A) ጨርሰህ መልቲፓዙ (የሁለቱ መንገዶች ሥራ) ተመልሶ ጤነኛ መሆኑን ሳታይ ሌላውን (B) አትንካ። ቅደም ተከተሉ «ስዊች ዲሴብል»፣ ከዚያ «ኤጂ ሞድ ኢኔብል» ነው። ሲነሳ «ኤጂ ማፕ ሾው» በልና የትኛው ሰርቨር በየትኛው የውጭ ፖርት እንደሚወጣ እይ። ስዊቹ 16 የውስጥ እና 8 የውጭ ፖርት አለው። የሰካኸው ሁለት ገመድ ብቻ ከሆነ ሰርቨሮቹን ለሁለቱ አከፋፍለህ በእጅ መድብ። ፌይልኦቨር ላይ መተማመን ይቻላል፣ ጭነቱ ግን ወደ አንድ ጎን ሊያጋድል ይችላል። ብሌድ ስዊቹ ላይ በቀጥታ የተሰካ ቴፕ ወይም ስቶሬጅ ካለህ አስቀድመህ ወደ ኤምዲኤሱ አዛውረው።

ኤስኤፍፒ (ፋይበሩ የሚሰካበት ሞጁል) ላይ ተጠንቀቅ። እያንዳንዱ ስዊች የራሱን ኩባንያ ኤስኤፍፒ ነው የሚፈልገው። ባለ 32 ጊጋው ወደ 16 እና 8 ይወርዳል። ባለ 64ቱ ግን ከ16 በታች አይወርድም፣ ስለዚህ ካንተ ብሌድ ጋር አይገናኝም። ሊንኩ እየወጣ እየገባ ካስቸገረህ ወይም «ኤር ባድ ኦኤስ» የሚለው ቆጣሪ እየጨመረ ከሄደ አብዛኛውን ጊዜ የ8 ጊጋ ፊል ወርድ (መረጃ በማይተላለፍበት ጊዜ ሊንኩ ላይ የሚላክ መሙያ) ነገር ነው። የብሮኬዱን ፊል ወርድ ሞድ 3 አድርገው፤ የሚስማማውን ራሱ ይሞክራል።

ዞኑን ከዚህ በኋላ ኤምዲኤሱ ላይ ብቻ ነው የምትሠራው፣ ያውም በሰርቨሩ ፖርት ደብሊውደብሊውኤን። በስዊች ፖርት ዞን ካደረግክ ከአንዱ ገመድ ጀርባ ያሉት ሰርቨሮች ሁሉ አንድ ዞን ውስጥ ይገባሉ። ዲቫይስ አሊያስ (ለደብሊውደብሊውኤን የሚሰጥ ስም) ብትጠቀም ከስድስት ወር በኋላ ራስህን ታመሰግናለህ።

ሰርቨሮቹ የሚያዩት የስቶሬጅ ኤፍሲአይዲ (ፋብሪኩ የሚሰጠው አድራሻ) ቢቀየር ዊንዶውስ፣ ሊኑክስ እና ቪኤምዌር ግድ የላቸውም። ማቀፊያው ውስጥ ኤችፒ ዩኤክስ የሚያሄድ ኢንቴግሪቲ ብሌድ ካለ ግን የድሮው የዲቫይስ ፓዝ ይቀየራል። ከመጀመርህ በፊት የሲስተም አድሚኑን ጥራው።

ሲያልቅ ኤምዲኤሱ ላይ «ሾው ፍሎጊ ዳታቤዝ» በል። በአንድ ኢንተርፌስ ላይ የስዊቹና የሰርቨሮቹ ደብሊውደብሊውኤን ተደርድረው ማየት አለብህ። ከሌሉ ዞኑ ላይ አትድከም፤ ኤንፒአይቪውን፣ ማፑን እና ኤስኤፍፒውን በዚህ ቅደም ተከተል እይ። ካልሆነ የሁለቱን ስዊቾች አውትፑት እዚሁ ለጥፈው፣ እናየዋለን።