«ነገ» የማን ነገ ነው?

ጥያቄ፦ እህቴ ማታ «ነገ እመጣለሁ» ብላ ቴክስት ላከችልኝ፣ ያየሁት ግን ጠዋት ስለሆነ ካየሁበት ቀን ማግስት ነው ብዬ ወጣሁ፣ እሷ በር ላይ ቆማ ቀረች። ቃሉ አንድ ሆኖ እንዴት ሁለት ትርጉም ይሰጣል?

መልስ፦ ጥያቄሽን በጣም ወደድኩት። ጀርመናዊው ፈላስፋ ፍሬገ በ1918 እ.ኤ.አ. አንስቶታል፣ ትናንት «ዛሬ» ብለሽ ያልሽውን ሀሳብ ዛሬ ለመድገም «ትናንት» ማለት አለብሽ ይላል፣ ቃሉ ተቀየረ ሀሳቡ ግን ያው ነው። ያንቺ ተገላቢጦሹ ነው፣ ቃሉ ያው ሆኖ ሀሳቡ ተቀየረ። በኋላ አሜሪካዊው ፈላስፋ ዴቪድ ካፕላን ሁለቱን ለያቸው፦ የ«ነገ» ደንቡ ሁሌም አንድ ነው፣ ከተነገረበት ቀን የሚቀጥለው ቀን፤ የትኛው ቀን እንደሆነ የሚወስነው ግን አውዱ ነው፣ እውነት ወይ ውሸት የምንለውም ያንን ሙሉ ሀሳብ ነው። የኛ «እመጣለሁ» ደሞ «እኔ» ሳይባል ተናጋሪዋን በ«እ» እና በ«ለሁ» ይዟታል፣ ሁሌ ይገርመኛል። ቀኑን ግን ቴክስቱ የተላከበት ሰዓት ላይ ፈልጊው።