ቀጭ ቀጭ የሚለውን ሃርድ ዲስክ በምን ልተካው ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ተመራቂ ነሽ፤ የመመረቂያ ጽሑፍሽን እየሠራሽ ነው፤ መረጃ ለመሰብሰብ ወደ ስሜን ተራሮች ትመላለሻለሽ። ላፕቶፕሽ ኤችፒ ነው፣ ውስጡ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ አለው። ለመክፈት ብዙ ያስጠብቅሻል። ሰሞኑን ደግሞ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሯል፣ ከዚያ ስታክ ያደርጋል። ፒያሳ ያለ ባለሱቅ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ወይም 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (መረጃን በሳህን ሳይሆን በቺፕ የሚይዝ ዲስክ) ምረጪ አለሽ። ዋጋቸው ስለተቀራረበ «ትልቁን ልውሰድ?» ብለሻል።

ትልቁን አትውሰጂ። ኤስኤስዲውን ውሰጂ። ላፕቶፕ ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ የምጽፍልሽ በእጄ ካለፈው ተነስቼ ነው። ምክንያቱን እነግርሻለሁ፤ ግን ከግዢው በፊት የሚቀድም ነገር አለ።

ያ ድምፅ ዲስኩ እየሞተ ነው ማለት ነው። ውስጥ ያለው አንባቢ ጭንቅላት የሚፈልገውን ቦታ ሲያጣ ወደ መነሻው ይመለሳል፣ እንደገና ይሞክራል። ቀጭ የሚለው እሱ ነው። አንድ ሳምንት ሊቆይ ይችላል፣ ነገ ጠዋት ሊቀርም ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ላፕቶፑን ስትከፍቺ ሌላ ምንም አትሥሪበት። መጀመሪያ የመመረቂያ ጽሑፍሽን ፍላሽ ላይ ገልብጪ። ወዲያው ደግሞ ለራስሽ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ላኪው። ቀጥሎ የሰበሰብሽውን መረጃ፣ ከዚያ ፎቶዎችሽን። ፊልምና ዘፈን መጨረሻ ይሁን፣ ባይተርፍም አይቆጭም። ሁሉንም በአንዴ መርጠሽ ኮፒ አትበዪ። የተበላሸ ፋይል ላይ ሲደርስ እዚያው ይንጠለጠላል፣ ዲስኩም በከንቱ ይታገላል። ፎልደር በፎልደር ሂጂ።

ስካን፣ ዲፍራግ፣ ቼክ ዲስክ የሚባሉትን የዲስክ መፈተሻና ማስተካከያ ፕሮግራሞች አታስነሺ። ለደከመ ዲስክ ሸክም ናቸው። «ፎርማት እናድርገውና ይሻለዋል» የሚል ሰው ካጋጠመሽም እሺ እንዳትዪ። ፎርማት የተጎዳ ሃርድ ዲስክ አያድንም። ዲስኩ ጭራሽ አልታይ ካለ ደግሞ አጥፊውና ተይው። ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው፣ ፈትተሽ ውስጡን እዪው የሚሉ ምክሮች ይመጡልሻል፤ አትስሚያቸው። ውስጡ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ከገባች የተረፈውንም ታጠፋዋለች።

አሁን ወደ ምርጫው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለ። አንድ ዙር 11 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ዊንዶውስ ሲነሳ ብዙ ትንንሽ ፋይሎችን ከየቦታው ይጠራል። ጭንቅላቱ ለእያንዳንዱ ፋይል ቦታ ይቀይራል፣ ሳህኑ ዞሮ እስኪመጣለትም ይጠብቃል። የሚያስመርርሽ መጓተት የዚህ ጥበቃ ድምር ነው። ኤስኤስዲ ላይ የሚሽከረከር ነገር የለም። የተጠራው ፋይል ከአንድ ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ትልልቅ ፋይል ሲገለበጥም ልዩነቱ ሰፊ ነው። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ደህና ቀን ላይ በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ሲያነብ፣ ሳታ በሚባለው የተለመደ መሰኪያ የሚሠራ ተራ ኤስኤስዲ ወደ 500 ሜጋባይት ይጠጋል።

አዲስ 1 ቴራባይት ሃርድ ብትገዢ እንግዲህ ድምፁ ይጠፋልሻል እንጂ ፍጥነቱ ብዙም አይለወጥም። እንዲያውም አሁን ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ቀጫጭን 1 ቴራባይት የላፕቶፕ ሃርዶች ሲጽፉ አንዱን መስመር በሌላው ጠርዝ ላይ ይደርባሉ፣ ልክ የጣሪያ ቆርቆሮ እንደሚደረበው። ከመሃል አንዱን ለመቀየር ከላዩ የተደረቡትንም ማንሳት ግድ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ሲጻፍባቸው የሚንፏቀቁት። ፊልም ለማከማቸት ምንም አይሉም። ዊንዶውስ ለመጫን ግን አልመክርሽም።

የእኛን ከተማ ኑሮም አስቢው። ከአራዳ ማራኪ በባጃጅ ስትሄጂ ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ ነው። ብዙ ልጆች ክዳኑን ይዘጉትና ይወጣሉ፤ ሳይጠፋ የቀረ እንደሆነ ሳህኑ እየዞረ ኮሮኮንቹን ይቀበለዋል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ እንደዚህ ያለ ንዝረት አይወድም። ለኤስኤስዲ ግን ይሄ ምንም ማለት አይደለም። መብራት ሲጠፋም እንደዚሁ ነው። ባትሪው ለሞተ ላፕቶፕ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ጭንቅላቱ በድንገት ወደ ማረፊያው ይወረወራል። እዚህ ላይ ግን ኤስኤስዲም ሙሉ በሙሉ አይድንም። እየጻፈ እያለ ኃይል ከተቋረጠ ፋይል ይበላሽበታል። ባትሪሽ የማይዝ ከሆነ በሚተርፍሽ ብር ባትሪውን አስቀይሪ።

የአንቺ ጉዳይ ላይ ሌላም ነገር አለ፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ጭንቅላቱ ሳህኑን አይነካም። በጣም በቀጭን አየር ላይ ተንሳፎ ነው የሚሠራው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ጭንቅላቱም ወደ ሳህኑ ይጠጋል። ስለዚህ አምራቾች ገደብ ያስቀምጣሉ፤ ብዙዎቹ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስኮች እንዲሠሩ የሚፈቀድላቸው እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር ትንሽ በላይ ስለሆነች ችግር የለም። ደባርቅም ከገደቡ በታች ናት። ስሜን ተራሮች ላይ ያለው ሳንቃበር ካምፕ ግን ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ጨነቅ ደግሞ ከ3,600 ሜትር በላይ። እዚያ ማታ ድንኳን ውስጥ ላፕቶፕ ከፍተሽ የቀኑን መረጃ የምታስገቢ ከሆነ፣ ሃርድ ዲስክሽ ከተፈቀደለት ከፍታ በላይ ነው የሚሠራው። ይሄ ብቻውን ኤስኤስዲ ለመግዛት በቂ ምክንያት ይመስለኛል።

ከመግዛትሽ በፊት ላፕቶፑን አስከፍቺና ውስጡን እዪ። ስሙ ኤችፒ መሆኑ ብቻ ምን እንደሚገጥምለት አይነግርሽም። አሮጌዎቹ ከሥር ትንሽ ክዳን አላቸው፣ በአንድ ብሎን ይከፈታሉ። አዳዲሶቹ ላይ የሥረኛው ሽፋን በሙሉ ነው የሚነሳው፤ አንዳንዶቹ ላይ ከጎማ እግሮቹ ሥር የተደበቁ ብሎኖች አሉ። እነሱን ሳያወጣ በጉልበት የሚገነጥል ሰው ፕላስቲኩን ይሰብረዋል። ስለዚህ ካቻቪቴ ይዞ ሲቀርብ «ጎማው ሥር አየህ?» በዪው።

ያለሽ 500 ጊጋባይት ሃርድ ከሆነ ብዙ ጊዜ 2.5 ኢንች ሳታ ነው። ውፍረቱ 9.5 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ነው። አዳዲሶቹ 2.5 ኢንች ኤስኤስዲዎች 7 ሚሊ ሜትር ናቸው። ማቀፊያው ለ9.5 የተሠራ ከሆነ ትንሽ ይላወሳል፤ አብሮት የሚመጣ የፕላስቲክ ፍሬም ካለ እሱን፣ ከሌለ ቀጭን ስፖንጅ ከጎኑ ማድረግ ይበቃል። አሮጌው ሃርድ የታሰረበትን ቆርቆሮና ብሎኖች እንዳይጥሉብሽ። ለአዲሱም የሚያስፈልጉት እነሱ ናቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ኤም ዶት ቱ የሚባለው ዓይነት ነው። እንደ ማስቲካ ቅጠል የሳሳ ሰሌዳ ነው፣ በብዛት የሚገኘው 22 ሚሊ ሜትር ስፋትና 80 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው። መልኩ አንድ ይሁን እንጂ ሁለት ዓይነት ነው፤ በሳታ ከላፕቶፑ ጋር የሚነጋገር አለ፣ ኤንቪኤምኢ በሚባለው ፈጣን ዘዴ የሚነጋገር አለ። ላፕቶፑ አንዱን ብቻ ተቀባይ ከሆነ ሌላውን ብትሰኪበት አያየውም። ጥርሶቹ መሃል ያለውን ክፍተት እዪ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክፍተት ያለው ሳታ፣ አንድ ክፍተት ያለው ኤንቪኤምኢ ነው። እርግጠኛ ለመሆን ግን የላፕቶፑን ሞዴል ቁጥር ይዘሽ አምራቹ ያወጣውን መግለጫ ማየት ይሻላል። ባለሱቁ «ሁሉም ላይ ይገባል» ካለሽ፣ እዚያው ሰክቶ ያሳይሽ።

መጠኑን በተመለከተ፣ 256 ለጽሑፍ፣ ለስታቲስቲክስ ፕሮግራምና ለመጠነኛ ፎቶ ይበቃሻል። ዊንዶውስ ሲያሳይሽ 238 አካባቢ ይላል፣ ተጭበረበርኩ እንዳትዪ። አቆጣጠሩ ስለሚለያይ ነው፤ 1 ቴራባይቱም 931 ነው የሚለው። አቅምሽ ከፈቀደ 480 ወይም 512 ውሰጂ። ኤስኤስዲ ጢም ብሎ ሲሞላ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ የተወሰነ ባዶ ቦታ ተይለት።

«ኤስኤስዲ ቶሎ ያልቃል» የሚሉሽን በቁጥር እዪው። ተራ የሚባለው ኪንግስተን ኤ400 ባለ 240 ጊጋባይቱ እስከ 80 ቴራባይት ይጻፍበታል ተብሎ ነው የተሠራው። በቀን 20 ጊጋባይት ብትጽፊበት እንኳ 4,000 ቀን ነው፣ ከ10 ዓመት በላይ። ሳምሰንግ 870 ኢቮ ባለ 500 ጊጋባይቱ ደግሞ 300 ቴራባይት ተሰጥቶታል። ለተማሪ ሁለቱም ይበቃሉ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ኤስኤስዲ ሲሞት እንደ ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ብሎ አያስጠነቅቅም፤ በአንድ ጊዜ ዝም ይላል። ጽሑፍሽ ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ቅጂ ይኑረው።

ሱቁ ላይ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ዲስኩ ኮምፒውተር ላይ ይሰካልሽ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ፍላሽሽ ላይ ይዘሽው ሂጂ። ጤናው በሰማያዊ ከታየ ጥሩ ነው፣ ቢጫና ቀይ ከሆነ መልሺለት። ቀጥሎ የሠራበትን ሰዓት እዪ። አዲስ ከሆነ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ነው መሆን ያለበት። በቀደም አንድ ልጅ አዲስ ተብሎ የተሸጠለትን ሃርድ ዲስክ ይዞልኝ መጣ። ላስቲኩ በደንብ ታሽጓል። ሰክተን ስናየው ከ20,000 ሰዓት በላይ ሠርቷል፤ ቀንና ሌሊት ሳያርፍ ከሁለት ዓመት በላይ ማለት ነው። ልጁ ያን ብር ያገኘው ከቤተሰቡ ነበር፣ በጣም አዘንኩ። ሰዓቱን የሚያጠፉም ስላሉ የሳታ ጥርሶቹን ወደ ብርሃን አዘንብለሽ እዪ። ወርቃማው ቀለም ላይ ቀጫጭን ጭረት ካለ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹም ተፍቀው ከሆነ ተሰክቶ ያውቃል። ያገለገለ ሃርድ ዲስክ የግድ ከገዛሽ፣ እዚያው ፕሮግራም ላይ የተበላሹ ቦታዎችን የሚቆጥሩት 05፣ ሲ5 እና ሲ6 የሚሉት መስመሮች መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር ዜሮ መሆኑን አረጋግጪ። በዩኤስቢ የሚሰካ በጣም ብዙ ቴራባይት ነው ተብሎ በርካሽ የሚሸጠውን ግን ዞር ብለሽም አትዪው። ብዙ ጊዜ ውስጡ የሚገኘው የስልክ ሚሞሪ ካርድ ነው።

ሲገጠም ከአሮጌው በቀጥታ ክሎን ይደረግ (እንዳለ ወደ አዲሱ ይገልበጥ) አይበሉሽ። ዲስኩ እየታመመ ስለሆነ መሃል ላይ ይቆማል፣ የተበላሹ ፋይሎችንም ይዞ ይሄዳል። ዊንዶውስ ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሆነ ፍላሽ ከአዲስ ይጫን። ኤችፒ ላይ ሲነሳ ኤፍ9 ስትጫኚ ከፍላሽ ማስነሻውን ያመጣልሻል። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 በትክክል አክቲቬት ሆኖ ከነበረ ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር ስለተያያዘ፣ ያንኑ እትም ጭነሽ ኢንተርኔት ስታገኚ በአብዛኛው ራሱ ይመለሳል። ሌላ ቁልፍ ግዢ ቢሉሽ መጀመሪያ ይሄን ጠብቂ። ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ በርቶ ከሆነ ደግሞ የመልሶ ማግኛ ቁጥሩን አሁን፣ ላፕቶፑ እየሠራ ሳለ፣ ጽፈሽ ያዢ። ያለሱ አሮጌው ሃርድ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አይከፈትም።

አሮጌውን ሃርድ በዩኤስቢ የሚሰካ ኬዝ ገዝቼለት እንደ ተጨማሪ ማስቀመጫ ልጠቀምበት ብለሽ ነበር። ደህና ቢሆን እሰየው ነበር፤ ቀጭ የሚለው ላይ ግን ምንም አታስቀምጪበት። 1 ቴራባይቱ ሃርድ የሚጠቅመው ለሌላ ሰው ነው፣ ለምሳሌ የሠርግ ቪዲዮ ለሚሠራና ያለቀውን ሥራ አውጥቶ መደርደሪያ ላይ ለሚያስቀምጥ።

ከላፕቶፑ ሥር የተጻፈውን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ላኪልኝ፣ የሚገጥመውን አይቼ እነግርሻለሁ። ፋይሎችሽን ገልብጠሽ መጨረስሽንም አብረሽ ጻፊልኝ።