ጥያቄና መልስ፦ የፓሚር መንገድ ከዱሻንቤ እስከ ኦሽ

ባለመንገዱ፦ ሰላም ወገኖች። ዛሬ የምመልሰው ስለ ፓሚር አውራ ጎዳና ነው። ኤም 41 የሚባለው ይህ መንገድ ከታጂኪስታን ዋና ከተማ ከዱሻንቤ ተነስቶ፣ በኮሮግና በሙርጋብ አልፎ፣ ኪርጊስታን ውስጥ ኦሽ ይገባል። ርዝመቱ 1,250 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በዋኻን ሸለቆ ከዞራችሁ ይጨምራል። የምጽፈው በአስጎብኚ ድርጅት በኩል፣ ሹፌር ባለው መኪና ለምትሄዱ ነው። ስትጠይቁ ከየት እንደምትነሱ፣ ስንት ቀን እንዳላችሁና በየሌሊቱ የምታድሩበትን ከፍታ ጻፉልኝ። ከፍታ ያልተጻፈበት ዕቅድ ላይ አስተያየት አልሰጥም።

ቤዛ (ዱባይ)፦ አራት ነን፣ በነሐሴ 8 ቀን አለን። ድርጅቱ ከኦሽ አስነስቶ ዱሻንቤ ሊያደርሰን ነው። አንደኛው ሌሊት ሳሪ ታሽ 3,170 ሜትር፣ ሁለተኛው ካራኩል 3,900፣ ሦስተኛው ሙርጋብ 3,600። ምን ትላለህ?

ባለመንገዱ፦ ከፍታውን ስለጻፍሽ ተባረኪ። ዕቅዱን ግን አትቀበዪው። ኦሽ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሁለት ሌሊት ወደ 3,000 ሜትር ልትወጡ ነው፣ ያውም ከባሕር ዳርቻ መጥታችሁ። የከፍታ ሕመም እንዳይመጣ የተለመደው የሐኪሞች ምክር፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ነው።

ዋናው ችግር ደግሞ ካራኩል ላይ ለታመመ ሰው መውረጃ አለመኖሩ ነው። የካራኩል ሐይቅ ያለበት ሜዳ ዙሪያውን በተራራ ተከቧል። ወደ ደቡብ፣ ወደ ሙርጋብ ለመሄድ አክ ባይታል የሚባለውን የተራራ ማቋረጫ መሻገር ግድ ነው፤ 4,655 ሜትር ነው፣ ከራስ ደጀን ጫፍ ይበልጣል። ወደ ሰሜን ለመውረድ ክዚል አርት አለ፣ 4,280 ሜትር፤ እሱ ደግሞ ድንበር ስለሆነ በሌሊት አያሳልፉም። ሙርጋብም ብትሆኑ ያው ነው፤ ወደ ኮሮግ የሚወርደው መንገድ መጀመሪያ ኮይተዜክን ይወጣል፣ 4,270 ገደማ። «ከታመማችሁ ቶሎ ውረዱ» የሚባለው ምክር ምሥራቅ ፓሚር ላይ አስቀድሞ መውጣትን ይጠይቃል። ስለዚህ ሰውነት ለምዶ መድረስ አለበት።

ከዱሻንቤ ስትነሱ መሬቱ ራሱ ቀስ እያለ ይወስዳችኋል። ዱሻንቤ 800፣ ካላይኩም 1,200፣ ኮሮግ 2,100፣ ከዚያ በዋኻን ሸለቆ ኢሽካሺም 2,500፣ ላንጋር 2,850 ገደማ። ከዚያ በኋላ ነው ካርጉሽን (4,344) አልፎ ወደ ላይኛው ሜዳ መግባት። እዚህ ላይ አንድ ከባድ ዝላይ አለ፤ ለዚህ ነው ላንጋር ላይ ሁለት ሌሊት እደሩ የምለው። በመካከሉ ባለው ቀን ከመንደሩ በላይ የጥንት ሥዕል ወደተቀረጸባቸው ድንጋዮች በእግር ውጡና ተመልሳችሁ ታች ተኙ። በማግስቱ አሊቹር ወይም ቡሉንኩል እንደር ቢሏችሁ እምቢ በሉ። አሊቹር 3,900 ገደማ ነው፣ ቡሉንኩልም ከ3,700 በላይ። ቀኑ ቢረዝምም ሙርጋብ ድረሱ፣ እሱ 3,600 ገደማ ነው፤ እዚያም ሁለት ሌሊት። በመጨረሻ ከሙርጋብ በማለዳ ተነስታችሁ፣ ካራኩል ምሳ በልታችሁ፣ ድንበሩን አልፋችሁ ሳሪ ታሽ እደሩ። ካራኩል አትተኙ። ኮሮግ ላይ አንድ የዕረፍት ቀን ሲጨመር 10 ቀን ይሆናል። 8 ቀን ብቻ ካላችሁ ላይኛውን ሜዳ ተዉት፤ ዋኻንን እስከ ላንጋር ሄዳችሁ ወደ ዱሻንቤ ተመለሱ።

አቢ (ዲሲ)፦ ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም። ከኦሽ ሲነሱ ትልቁ ተራራ መጀመሪያ ይታያል፤ የሌኒን ጫፍ ከሳሪ ታሽ ፊት ለፊት ነው። ሰው ትኩስ ጉልበት እያለው ከባዱን ይጨርሳል።

ገበየሁ፦ ጉልበትና የከፍታ ሕመም ምን አገናኛቸው? ስፖርተኛም ይታመማል።

አቢ፦ በኦሽ በኩል የሚሄዱ ቡድኖች ሞልተዋል፤ ሁሉም ታመሙ ልትል ነው?

ባለመንገዱ፦ ሁሉም አይታመምም። የታመመው ግን የሚወርድበት የለውም። ከኦሽ መነሳት የግድ የሆነበት ሰው ሳሪ ታሽ ላይ ሁለት ሌሊት ይደር፣ ካራኩልን በቀን ይለፍ፣ ሙርጋብ ይተኛ። በዚህ ይበቃናል።

ሙሉቀን (አዲስ አበባ)፦ እኛ አዲስ አበቤዎች ከፍታ ለምደናል፤ ዳያሞክስ (የከፍታ ሕመም መከላከያ ኪኒን) ያስፈልገናል?

ባለመንገዱ፦ አዲስ አበባ 2,300 እና 2,400 ሜትር መካከል ናት። ያ ጥቅም እስከ ኢሽካሺም ያደርስሃል፤ ከዚያ በላይ ያለው ለአንተም አዲስ ነው። መኝታችሁ ከላይ እንዳልኩት ከሆነ ብዙ ሰው ያለ መድኃኒት ይሄዳል። ሐኪም ካዘዘ የተለመደው የመከላከያ መጠን 125 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ነው፣ መውጣት ከመጀመሩ አንድ ቀን በፊት ተጀምሮ። የሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው ለሐኪሙ ሳይናገር እንዳይነካው። ሽንት ያበዛል፣ ጣት ያደነዝዛል፤ ይህ ሲሆን አትደንግጡ። የእንቅልፍ ኪኒንና አልኮል ግን ከሙርጋብ በፊትም በኋላም ይቅር፤ እንቅልፍ ላይ ያለን ሰው ትንፋሽ ያዳክማሉ።

ራስ ምታት ብቻ ከሆነ እዚያው ማረፍ ነው፤ እስኪሻል ድረስ ከፍ ወዳለ ቦታ ሄዶ ማደር የለም። የታመመውን ቀጥ ባለ መስመር ላይ ተረከዝን ከጣት እያገናኙ አሥር እርምጃ አስኬዱት፤ ከተንገዳገደ አንጎሉ እየተጎዳ ነው። ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረውና ካሳለው ሳንባው ውሃ እየያዘ ነው። ሁለቱም እስኪነጋ አይጠበቁም።

ሕሊና፦ ጉዞው ጥሩ ነው ወይ? ስንት ያስወጣል?

ባለመንገዱ፦ ከየት? ስንት ሰው? ስንት ቀን? ዋጋው የሚቆረጠው በመኪና እንጂ በሰው አይደለም። ሌላውን ሞልተሽ ጠይቂ።

ገበየሁ፦ እኔ መካኒክ ነኝ። የሚመጣውን መኪና ተጓዡ ራሱ ሊያየው የሚችለው ምንድን ነው?

ባለመንገዱ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። እዚያ የሚበዙት ላንድክሩዘር 80 እና 100፣ ፕራዶ፣ ፓጄሮና ዴሊካ ናቸው፤ ብዙዎቹ ያረጁ ናቸው። እርጅናው አያስፈራም፤ አያያዙ ነው የሚታየው። ዱሻንቤ ሆቴል በር ላይ፣ ሻንጣ ከመጫኑ በፊት 20 ደቂቃ ውሰዱ።

ከጎማ ጀምሩ። ስኮርታ ሁለት መሆን አለበት፤ አንዱ ከኮሮግ በኋላ ቢፈነዳ እስከ ሙርጋብ ጎሚስታ ላታገኙ ትችላላችሁ። የጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። ጥርሱ ደህና ቢመስልም ከስድስት ከሰባት ዓመት በላይ የሆነው ጎማ ጎኑ ይሰነጠቃል። የአየር መሙያ ኮምፕረሰር ይኑር። ከአሊቹር ወዲያ መንገዱ እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበ ነው፤ ጥሩ ሹፌር ነፋሱን ከ35 ወደ 26 ፒኤስአይ ያወርድና አስፋልት ላይ ሲመለስ ይሞላል። ጎማውን አጠንክሮ በፍጥነት የሚነዳ ሹፌር አሞርታዛተሩን ይበላዋል፤ ዘይቱ ሞቆ ይፈስና መኪናው ኩርባ ላይ መንሸራተት ይጀምራል።

ቀጥሎ የራዲያተር ክዳን። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይከፈትና ላስቲኩ ይታይ። 4,000 ሜትር ላይ ውሃ በ87 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ፣ ታች ላይ ሙቀቱ የማይነቃነቅ መኪና አክ ባይታል ላይ ያፈላል። መለዋወጫ ቺንጊያ፣ የራዲያተር ጎማና 10 ሊትር ውሃ ይጠየቅ።

ፍሬን ደግሞ ለቁልቁለቱ ነው። ሹፌሩ ከክዚል አርት ሲወርድ በማርሽ ይይዛል ወይስ ፔዳል ላይ ተኝቶ ይወርዳል? በካላይኩም መንገድ የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ታውቁታላችሁ። የፍሬን ዘይት ሲያረጅ ውሃ ስቦ ይይዛል፣ ሲግል ይፈላል፣ ፔዳሉ ይሰምጣል። የተቃጠለ ሽታ ከሸተታችሁ አቁም በሉት።

ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ጉልበቱን ያጣል፤ ሲያዘግም አትገፋፉት። ነዳጅ ከኮሮግ በኋላ ሙርጋብ እስክትደርሱ አስተማማኝ አይደለም፤ ሙርጋብ ላይም በጄሪካን ሊቀዳ ይችላል፣ በጨርቅ ይጣራ። 100 ኪሎ ሜትር ላይ 18 ሊትር የሚበላ መኪና ከሙርጋብ ኦሽ፣ 415 ኪሎ ሜትር፣ 75 ሊትር ይፈልጋል። ጄሪካኑ ጣሪያ ላይ ይታሰር፤ ሰው ካለበት ክፍል ውስጥ ቤንዚን አይጫንም። የኋላ ወንበር ቀበቶ መኖሩንም በእጃችሁ ስባችሁ አረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ ወንበር ሥር ተቀብሮ ይገኛል።

ገበየሁ፦ የነዳጅ ፊልትሮም ጨምርበት። መጥፎ ቤንዚን መጀመሪያ የሚያቆመው እሱን ነው።

ባለመንገዱ፦ ልክ ነህ፤ ሁለት ይያዝ።

ሐያት፦ ቪዛስ?

ባለመንገዱ፦ በያዝሽው ፓስፖርት ይወሰናል፤ የታጂኪስታን የኢ-ቪዛ ገጽ ላይ አስገብተሽ እዪው። የማትረሺው አንድ ነገር፣ ቅጹ ላይ የጎርኖ ባዳክሻን (ፓሚር ያለበት ክልል) ፈቃድ የሚለውን መምረጥ ነው። ያለ እሱ ካላይኩም አካባቢ ካለው ኬላ ይመልሱሻል። አራት አምስት ቅጂ አሳትሚ፤ በየኬላው ይወስዱታል። ድንበሩን በተመለከተ፣ ታጂኪስታንና ኪርጊስታን እ.ኤ.አ. በ2021 ከተጋጩ በኋላ ተዘግቶ ቆይቶ በመጋቢት 2025 የድንበር ስምምነት ፈርመዋል። ክዚል አርት ላይ ለውጭ ዜጋ ልዩ ማለፊያ ይጠየቅ ስለነበር፣ እናንተ በምትሄዱበት ሳምንት የሚሠራውን ደንብ ድርጅቱ በጽሑፍ ይስጣችሁ።

የሺ፦ ነሐሴ ፍልሰታ ናት። ጾመኛ ምን ይበላል?

ባለመንገዱ፦ ዳቦ፣ ድንች፣ ቲማቲምና ኪያር በምታድሩበት ቤት ሁሉ አለ። ፕሎቭ የሚባለው ሩዝ በበግ ሥጋና ስብ ይሠራል፤ ሥጋውን አውጥቶ መብላት አይሆንም። ሺርቻይ የሚሉት የጠዋት ሻይ ወተትና ቅቤ አለው። ቁሩቶብም የቂጣ ፍትፍት ነው፣ ግን በእርጎ። ሹፌሩ ለባለቤቶቹ አስቀድሞ እንዲደውል አድርጊ፤ ሲመሽ ደርሶ መናገር ያስቸግራቸዋል።

ሐያት፦ ሽሮ ይዛችሁ ሂዱ፣ ምን ችግር አለው።

ሙሉቀን፦ ሽሮ ሰው ቤት ማድቤት ገብቶ መሥራት ይከብዳል። በሶና ቆሎ ይሻላል።

ሐያት፦ በሶ 10 ቀን ሙሉ? ምስር ክክ ይዤ እሄዳለሁ።

ባለመንገዱ፦ ምስር አትያዙ። ሙርጋብ ላይ ውሃ በ88 ዲግሪ ስለሚፈላ ክክ ቶሎ አይበስልም፤ እዚያ ማገዶ ብርቅ ነው፣ ሰዎቹ ኩበትና ቴረስከን የሚባል ቁጥቋጦ ነው የሚያነዱት። ሽሮ የተቆላ ዱቄት ስለሆነ ይሆናል፤ በሶ ደግሞ እሳት አይጠይቅም። ሁለቱንም ያዙ።

ታዛቢ፦ ያን ያህል ከማውጣት ባሌ ሳነቴ አይሻልም? እዚያም 4,000 ሜትር ላይ መንገድ አለ።

አቢ፦ እኔም ልለው ነበር። ሰሜን ተራሮችስ?

ባለመንገዱ፦ ሁለቱም ድንቅ ናቸው። የዛሬው ጥያቄ ግን ስለ ፓሚር ነው፤ ለእነሱ ሌላ ቀን እንያዝ።

ናሆም፦ ከኦሽ ብንነሳስ ችግር አለው?

ባለመንገዱ፦ ከላይ ተመልሷል። ለቤዛ የጻፍኩትን አንብብ።

ጋሽ ተፈራ፦ ልጄ፣ ዕድሜዬ 67 ነው፣ ግፊት አለብኝ፣ መድኃኒት እወስዳለሁ። ከልጆቼ ጋር ልሂድ?

ባለመንገዱ፦ ጋሼ፣ ይህን ሐኪምዎ ነው የሚወስነው፤ የሚያድሩባቸውን ከፍታዎች ጽፈው ያሳዩት። እስከ ላንጋር ያለው ክፍል ብቻውን ሙሉ ጉዞ ነው። የያምቹን ምሽግ፣ ከበላዩ የቢቢ ፋቲማ ፍል ውሃ፣ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ የጋርም ቻሽማ ፍል ውሃ፣ ማዶ አፍጋኒስታን ከፓንጅ ወንዝ ባሻገር እየታየ። መኝታዎ ከ3,000 ሜትር በታች ይሆናል። ፍል ውሃው ውስጥ ግን ብዙ አይቆዩ፤ ግፊት ያወርዳል።

ሕሊና፦ ደኅንነቱስ እንዴት ነው?

ባለመንገዱ፦ ከመሄድሽ በፊት በዚያ ሳምንት ያለውን ሁኔታ ጠይቂ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ክልሉ በግጭት ምክንያት ለጎብኚ ተዘግቶ ነበር። ወታደር፣ ኬላና ድልድይ ፎቶ አይነሳም። ድሮን ቤት ይቅር። በፓንጅ ዳር ፈንጂ የተቀበረባቸው ቦታዎች ስላሉ ለሽንት እንኳ ከመንገድ አትራቂ።

ናሆም፦ እና ከኦሽ ስንነሳ ሹፌሩ...

ባለመንገዱ፦ ናሆም፣ የሚያድሩበትን ከፍታ ጻፍ። ካልጻፍክ አልመልስም።

ቤዛ፦ መነሻውን ወደ ዱሻንቤ ቀይረነዋል፤ 10 ቀን አግኝተናል። ውሉ ላይ ምን እናስገባ?

ባለመንገዱ፦ ጎበዝ። የየሌሊቱ መኝታ በስምና በከፍታ ይጻፍ። መኪናው ኦሽ ካደረሳችሁ በኋላ ባዶውን የሚመለስበት ነዳጅ በማን እንደሆነ፣ የሹፌሩ ምግብና አልጋ ተካቶ እንደሆነ ይገለጽ። ድንበር ላይ መኪና የሚቀየር ከሆነ፣ በሁለቱ ኬላዎች መካከል 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ባዶ መሬት ስላለ፣ የትኛው መኪና የት እንደሚቀበላችሁ ይጻፍ። ከካላይኩም ኮሮግ የመንገድ ግንባታ አለ፣ በሰዓት እየዘጉ ይከፍታሉ፤ ለዚያ የጠፋ ቀን ተጨማሪ ክፍያ እንዳይኖር። ገንዘብ ከኮሮግ አውጡ፣ ከዚያ ወዲያ በባንክ ማሽን አትተማመኑ፤ ያልተቀደደ ዶላርም ያዙ። ውሉ ላይ ኦክስጅን ሲባል የብረት ሲሊንደር ከጭንብልና ከመቆጣጠሪያው ጋር ማለት ነው፤ በቆርቆሮ የሚሸጠው የሚረጭ ኦክስጅን በደቂቃዎች ያልቃል። ሲሊንደሩን ዱሻንቤ ላይ አስከፍታችሁ የመለኪያው መርፌ ስንት እንደሚያሳይ እዩ፤ ሹፌሩም መክፈቻ ቁልፉን ከየት እንደሚያወጣው ያሳያችሁ።