«በጠበጥኩ» ነው «አሟሟሁ»? ደሞ «1 ለ 10» ስንት ውሃ ነው?

ጥያቄ፦ «ጋሼ ሰላም ነዎት? ባዮቴክኖሎጂ ተመርቄ አሁን የሙዝና የእንሰት ችግኝ በቲሹ ካልቸር (ከተክሉ ትንሽ ቁራጭ ጠርሙስ ውስጥ በማሳደግ) የሚያባዛ ላብ ውስጥ ሚዲያ (ችግኙ የሚያድግበትን ምግብ) እና ሶሉሽን ማዘጋጀት እየተማርኩ ነው። ኃላፊያችን ፕሮቶኮሉን ለረዳቶቹ በአማርኛ ጻፊው አለኝና «ጨዉን በጥብጡ፣ 1 ለ 10 አቅጥኑ» ብዬ ጻፍኩ። አንዱ ባልደረባዬ «በጠበጠ የበሶ ነው» ብሎ ሳቀብኝ፣ ሌላው ደሞ ሚዲያ ራሱ ብዙ ቁጥር ስለሆነ «ሚዲያዎች» ማለት ስህተት ነው አለኝ። ከሁሉ ያስጨነቀኝ ግን ሁለቱ ረዳቶች 1 ለ 10 የሚለውን አንብበው አንዱ በ1 ሚሊ ሊትር ላይ 9 ሚሊ ውሃ ጨመረ ሌላው 10 ጨመረ። በአማርኛው የቱ ነው ትክክል?»

መልስ፦ ሰላም እህቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጥያቄሽን ሦስቴ አነበብኩት፣ የቃላት ጥያቄ መስሎ ይምጣ እንጂ የስራ ጥያቄ ነው፣ ሁለት ሰው አንድ ወረቀት አንብቦ ሁለት አይነት ሶሉሽን ከሰራ ጥፋቱ የእጃቸው ሳይሆን የወረቀቱ ነው። እኔ ደሞ ለስሞቹ ብዙም አልጨነቅም፣ ሶሉሽን በይ ፍላስክ በይ ፒፔት በይ ማንም አይሳሳትም፣ ሰው የሚሳሳተው ግሱ ላይ ነው። ምን ይደረግ የሚለው ላይ።

በበጠበጠ እንጀምር። ባልደረባሽ መሳቁ ደስ አላለኝም ግን ያለው ነገር ልክ ነው። በሶ ይበጠበጣል፣ ተልባ ይበጠበጣል፣ ድሮ ኮሶም ይበጠበጥ ነበር፣ እነዚህን ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ደፍርሰው መቆየታቸው ነው፣ ትንሽ ከተውሻቸው ደሞ ታች ይዘቅጣሉ፣ በሶ የሚጠጣ ሰው ብርጭቆውን እየነቀነቀ የሚጠጣው ለዛ እኮ ነው። ረብሻውን «ብጥብጥ» የምንለውም ከዚሁ ነው፣ የረጋው ተነሳ ማለት። ጨውና ስኳር ግን እንደዛ አይደሉም፣ ውሃው ውስጥ ይጠፋሉ፣ ውሃው ይጠራል፣ አንድ ሳምንት ብታስቀምጪውም ታች አይወርዱም። ይሄ መሟሟት ነው። ት/ቤት ሟሚ፣ አሟሚ፣ ሙሙት ብለን የተማርነው ነው (ሟሚው ጨዉ፣ አሟሚው ውሃው፣ ሙሙቱ ሶሉሽኑ)። ስለዚ ወረቀትሽ ላይ «አሟሙ» በይ። መለያው ቀላል ነው፣ ብርሃን ላይ ስታነሺው ከጠራ ሟሙቷል፣ ከደፈረሰ ገና ተበጥብጧል እንጂ አልሟሟም። የሚዲያውን ካልሲየምና ፎስፌት በወፍራሙ እንዳሉ አንድ ጠርሙስ ውስጥ ብትቀላቅያቸው ደፍርሶ ነጭ ዝቃጭ የሚወርደው፣ ለዛም ስቶኩ (አስቀድሞ በወፍራሙ ተሰርቶ የሚቀመጠው ሶሉሽን) ለየብቻ የሚያዘው፣ «አልሟሟም» የሚለውን በአይንሽ የምታይበት ነው።

አሁን አጋር ላይ ስንመጣ ነገሩ በጣም ያምራል። የእህቴ ልጅ የምትሰራበት ላብ ገብቼ ቆሜ አይቻለሁ። ዱቄቱን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ስትነሰንሰው ምንም አይሟሟም፣ ታች ማግኔቷ እየተሽከረከረች ውሃው እንደ ቀጭን አጥሚት ነጭ ብሎ ይዞራል፣ ከዛ ሙቀቱ እየጨመረ እየጨመረ ሊፈላ ሲል ከዳር በኩል መጥራት ይጀምራል፣ በመጨረሻ ጠርሙሱ ጀርባ የተጻፈው ቁጥር በውሃው ውስጥ አልፎ ሲነበብ «አሁን ደረሰ» አለችኝ። ከእሳት አውርዳ ሳህኖቹ ላይ ቀዳችው፣ ወደ 40 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ደሞ እንደ እርጎ ረጋ። እዪው፣ አንድ ዱቄት ሦስት ግስ ፈለገ፣ በብርዱ ይበጠበጣል፣ ሲፈላ ይቀልጣል፣ ሲበርድ ይረጋል። አማርኛ ሦስቱንም ከጓዳ አዘጋጅቶ አስቀምጦልናል፣ አዲስ ቃል መፍጠር አላስፈለገም። ቃሉ ራሱም ከጓዳ የመጣ ነው፣ አጋር አጋር የማላይ ቋንቋ ነው፣ ከባህር አረም የሚሰራ ማርጊያ፣ ላብራቶሪ ያስገባችውም እንደ ፈረንጆች በ1881 ፋኒ ሄሰ የምትባል ሴት ናት፣ ባሏ የጀርመኑ የባክቴሪያ ተመራማሪ የሮበርት ኮክ ላብ ውስጥ ሲሰራ ባክቴሪያ የሚያሳድግበት ጄላቲን በሙቀት እየቀለጠ ሲያስቸግረው፣ እሷ ማርማላታ የምታረጋበትን ሞክረው አለችው። ያ የጓዳ እውቀት ነው ዛሬ ሳህኖችሽን አርግቶ የያዘው። (አንድ ነገር ብቻ፣ «አጋር» በአማርኛ ሸሪክም ማለት ስለሆነ መጀመሪያ ሲጠቀስ «የአጋር ዱቄት» ብለሽ ጻፊው።)

ወደ 1 ለ 10 ልምጣ፣ ዋናው እሱ ነው። ሁለቱም ረዳቶች አማርኛ ያውቃሉ፣ ሁለቱም አልተሳሳቱም፣ ያ ነው ችግሩ። እናቶቻችን ጠጅ ሲጥሉ «አንድ ለሦስት» ሲሉ አንድ እጅ ማር፣ ሦስት እጅ ውሃ ማለታቸው ነው፣ ጋኑ ውስጥ የሚገባው አራት እጅ ነው። በዚህ የጓዳ አማርኛ 1 ለ 10 ያነበበ ሰው 10 ውሃ ይጨምራል፣ 11 ይሆንበታል፣ ከቋንቋው አንጻር ከማንም በላይ ልክ ነው። ላብ ውስጥ ግን 1 ለ 10 ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ከጠቅላላው 10 እጅ አንዱ እጅ ማለት ነው፣ 1 ሲደመር 9። አስር በመቶ ያህል ልዩነት መጣ ማለት ነው፣ አንዴ ብቻ ቢሆን ትንሽ ይመስላል፣ ከዛው ላይ ደግመሽ ስታቀጥኚ ደግመሽ ስታቀጥኚ ግን ይጠራቀማል፣ ሦስተኛው ላይ 1000 እጥፍ ቀጥኗል ያልሽው 1331 እጥፍ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ስለዚ «ለ» የምትለዋን ፊደል ከወረቀቱ አውጫት። «1 ሚሊ ስቶክ፣ 9 ሚሊ ውሃ፣ ጠቅላላ 10 ሚሊ» ብለሽ ጻፊ፣ ይረዝማል ግን ማንም አይሳሳትም። በአንድ ቃል ካልሽ ደሞ «10 እጥፍ አቅጥኑ» ይሻላል።

«አቅጥኑ» ማለትሽን ወድጄዋለሁ። አንዳንዱ «በርዙ» ይላል፣ ከብርዝ የመጣ ጥሩ ቃል ነው ግን ዛሬ በረዘ ሲባል ሰው ቶሎ የሚሰማው ማበላሸት ነው፣ ታሪክ በረዘ ሀሳብ በረዘ እንደሚባለው፣ ረዳትሽ «ሶሉሽኑ ተበርዟል» ሲልሽ ቀጠነ ማለቱ ይሁን ተበላሸ ማለቱ አታውቂም። አቀጠነ ንጹህ ነው።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ልጨምር። «292 ግራም ጨው በ1 ሊትር ውሃ አሟሙ» እና «292 ግራም ጨው አሟሙና ውሃ እየጨመራችሁ 1 ሊትር አድርሱት» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ያነበበ ሰው 1 ሊትር ውሃ ለክቶ ጨዉን ይጨምርበታል፣ ጨዉ ራሱ ቦታ ስለሚይዝ ከ1.1 ሊትር ትንሽ በላይ ይወጣለታል፣ 5 ሞላር (ሞላር በአንድ ሊትር ሶሉሽን ውስጥ የሟሟውን መጠን መለኪያ ነው) ያሰበው 4.5 ገደማ ይሆናል። 1 ሊትር ለማድረስ የሚበቃው ውሃ 900 ሚሊ ገደማ ብቻ ነበር። ልዩነቱን ያመጣችው «በ» የምትባል አንዲት ፊደል ናት። «አድርሱት» የሚለውን ግስ ያዢው፣ «ሙሉ» ብለሽ አትጻፊ ምክንያቱም ሲነበብ ትእዛዝ ይሁን ቅጽል አይለይም።

አሲድ ላይ ደሞ እባክሽ «አሲዱንና ውሃውን ቀላቅሉ» የሚል እንዳትጽፊ። ማን ማን ላይ እንደሚገባ አይናገርም። አማርኛ «ን» እና «ላይ» አለው፣ «አሲዱን ቀስ እያላችሁ ውሃው ላይ ጨምሩ»፣ በቃ። ተገላቢጦሹ ወፍራም ሰልፈሪክ አሲድ ከሆነ ፈልቶ ፊት ላይ የሚፈናጠር ነገር ነው፣ እዚህ ጋ ሰዋስው አይን ያድናል ብል አላጋነንኩም።

«ስቴራይል አድርጉ» (ጀርሙን ሁሉ ግደሉ) ለሚለው ማምከን አለን፣ ተጠቀሚበት። ማፍላት ግን አትበይ፣ አዲስ አበባ ላይ ውሃ ሲፈላ 100 ዲግሪ እንኳን አይደርስም፣ ከፍታው ስለሆነ 92 አካባቢ ነው፣ የአውቶክሌቩ (በእንፋሎት ግፊት የሚያመክነው እቃ) 121 ሌላ ነገር ነው።

ሚዲያን በተመለከተ ያ ጓደኛሽ በእንግሊዝኛው ልክ ነው በአማርኛው ግን አይደለም። ባክቴሪያም ዳታም በመጡበት ቋንቋ ብዙ ቁጥር ናቸው፣ እኛ ግን «ባክቴሪያው ሞተ፣ ባክቴሪያዎቹ ሞቱ» እንላለን ማንም አይቆጣም። «ቃላቶች» የሚለውን የምንነቅፈው እኮ ቃል የሚለውን ነጠላ ስለምናውቀው ነው፣ «ሚዲየም» የሚለውን ግን ላብ ውስጥ ስንቱ ይለዋል? ስለዚ አንዱ ጠርሙስ ሚዲያ፣ ብዙው ሚዲያዎች፣ በነጻነት ጻፊ። ከጋዜጠኛው ሚዲያ ጋ እንዳይምታታ ቤተሰብ ሲጠይቅሽ «የችግኝ ማሳደጊያ ሚዲያ» በይ።

ወረቀትሽን እንደዚ ብታደርጊው ደስ ይለኛል፦ «800 ሚሊ ውሃ ላይ 4.4 ግራም የኤምኤስ ዱቄት (የተዘጋጀ የማዕድን ጨዎች ድብልቅ፣ እሽጉ ላይ ያለውን መጠን እዩ) እና 30 ግራም ስኳር ጨምራችሁ አሟሙ። ጥርት ሲል ፒኤቹን (የአሲድነት ልኩን) 5.8 አድርጉ። ውሃ እየጨመራችሁ 1 ሊትር አድርሱት። 8 ግራም የአጋር ዱቄት በጥብጡበት፣ እስኪቀልጥና ጥርት እስኪል አፍሉት። በ121 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ አምክኑት። ሳይረጋ ቅዱ።» ከመለጠፍሽ በፊት ግን አንዱ ረዳት እያነበበ ሌላው እየሰራ አስሞክሪያቸው፣ አንቺ ዝም ብለሽ የሚሰራውን እጁን ብቻ እዪ፣ እጁ የቆመበትን ቃል አስምሪበትና እሱን መልሰሽ ላኪልኝ።